ክርክር፦ ሪያሊዝም ሊበራሊዝም ፍሬሽ ላይ ይቅር ወይስ ይቆይ?

አድሚን፦ ሰላም የሀዋሳ ልጆች። የዛሬው ርዕስ ትናንት ፍቅር ሐይቅ ዳር የተነሳ ነው፣ አንዱ ልጅ «ፍሬሽ (አንደኛ አመት) ላይ ግሎባል ትሬንድ በሚባለው ኮርስ የሚያስቸክሉን የአይአር (የዓለም አቀፍ ግንኙነት) ቲዎሪ፣ ያው ሪያሊዝም ሊበራሊዝም የሚሉት፣ ይውጣና በሱ ፋንታ እንዴት እንደሚነበብ እንዴት እንደሚጻፍ ያስተምሩን» አለ። ምን ትላላችሁ? ስድብ የለም፣ ቮይስ አትላኩ።

ታቦር ስር፦ ያልኩት እኔ ነኝ ደግሜም እላለሁ። ከ12ኛ ክፍል መጥተህ እንግሊዝኛህ ገና እየተንገዳገደ «አናርኪ» ይሉሃል፣ እኔ ግርግር ማለት መስሎኝ ሴሚስተሩ አለቀ፣ ከመንግስታት በላይ የሚያዛቸው ሌላ መንግስት የለም ማለት እንደሆነ በኋላ ሲኒየር ነው የነገረኝ። ግን ኤ አመጣሁ! የሪያሊዝም ጸሐፊዎቹን ሞርገንታው 1948፣ ዋልዝ 1979 እያልኩ ከነመጽሐፋቸው አመት እንደ ስልክ ቁጥር ሸምድጄ፣ ፈተናው ምርጫ ነዋ። ሁለተኛ አመት ላይ አምስት ገጽ ጻፍ ስባል የመጀመሪያዋን አረፍተ ነገር ሁለት ቀን ፈጀችብኝ። ግቢዬን አልጠራም፣ ሁሉም ጋ ያው ነው።

ቀለሜዋ፦ እና ጥፋቱ የዋልዝ ነው? እንዴት እንደሚነበብማ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ 1 እና 2 ወስደሃል፣ ክሪቲካል ቲንኪንግም ወስደሃል፣ ምን ቀየረልህ? የስኪሚንግና የስካኒንግን ልዩነት ሸምድደህ ወጣህ። የምታነበው ነገር ሳይኖርህ ማንበብ ትማራለህ እንዴ፣ ውሃ ሳትገባ ዋና እንደመማር እኮ ነው።

የአቶቴ ባጃጅ፦ ተመርቄ ሁለት አመቴ፣ ባጃጅ ላይ ነኝ። ሪያሊዝም፣ ያው ጉልበት ያለው ይወስናል የሚሉት፣ የገባኝ አስፋልት ላይ ነው። አደባባዩ ላይ ትራፊክ ከሌለ ሲኖትራክ ቅድሚያ አይሰጥህም፣ ህጉ ላንተ ቢሆንም ህጉን ይዘህ ትጨፈለቃለህ። አናርኪ ይሄ ነው።

ቀለሜዋ፦ ሃሃሃ ጀለስ ግን መናኸሪያ ስትደርሱ ማንም ሳይገርፋችሁ ተራ ትይዛላችሁ አይደል? ዛሬ ተራ ብትሰብር ነገ ይሰበርብሃል፣ ስለዚ ሁላችሁም ስለሚያዋጣችሁ ታከብሩታላችሁ፣ ሊበራሉ የሚለው ይሄንን ነው። ከዛ ደግሞ ተራ የሚሰብር ሰው ጥቅም አስልቶ ሳይሆን ነውር ስለሆነ እሱም ያፍራል፣ ኮንስትራክቲቪስቱ እዚ ጋ ይገባል። ከነሱ አንዱ ዌንት እ.ኤ.አ. በ1992 አናርኪ ራሱ መንግስታት የሚያደርጉት ነው ያለው ይሄው ነው። አንድ መናኸሪያ ሶስቱንም ይይዛል።

የአቶቴ ባጃጅ፦ ይሄን ያኔ ብትነግሪኝ ሲ አላመጣም ነበር

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች ጣልቃ ልግባ፣ ብዙ ዘመን አስተምሬያለሁ። ታቦር ስር ያልከው እውነት ነው፣ መድኃኒቱ ላይ ግን አንስማማም። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማሠራው፦ የራሳችንን 1928 ዓ.ም.። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1935 ወረረን፣ ሊግ ኦፍ ኔሽንስ (ያኔ የነበረው የመንግስታት ማህበር) ጣሊያን ወራሪ ነው ብሎ ፈረደ፣ ማዕቀብ ጣለ፣ ነዳጅ ግን ማዕቀቡ ውስጥ አልገባም፣ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነበር። ጃንሆይ ሰኔ 1936 ጄኔቭ ቆመው ተናገሩ፣ በወሩ ማዕቀቡ ተነሳ። ለምን? በሉ ጻፉ። አንዱ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጣሊያኑ ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋር እንዳያብር ፈርተው ነው ይላል፣ ይሄ ሪያሊስቱ ነው። ሌላው ማህበሩ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ጥርስ አልነበረውም፣ አሜሪካም አባል አልነበረችም ይላል። ሶስተኛዋ ደግሞ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ አባል ብትሆንም በእኩል አይን አልታየችም፣ ጣሊያን እኮ ባርነትን እያነሳች ለአባልነት አትበቃም እያለች ትከሳት ነበር ትላለች። ከዛ እኔ እሾሁን እሰካለሁ፦ ታህሳስ 1935 የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል አገራችንን ሊሸነሽኑ በስውር የተስማሙት ሲወጣ የእንግሊዝ ህዝብ ጮኸ፣ ሆርም ወረደ። ኃይል ብቻ ከሆነ የሚሠራው ጩኸት ሚኒስትር ያወርዳል? እዚች ጥያቄ ላይ ነው ተማሪ የራሱን አረፍተ ነገር መጻፍ የሚጀምረው። ማስረጃ ማቅረብ፣ ተቃራኒውን ሀሳብ አክብሮ መመለስ፣ ምንጭ መጥቀስ ሁሉ እዛው ይመጣል።

ታቦር ስር፦ መምህር እንደ እርስዎ ያስተማረኝ ቢኖር ዛሬ አልከራከርም ነበር። ግን አንድ ክፍል ታጭቀን ነው የምንማረው፣ የስንቱን አምስት ገጽ ማን ያርማል?

ጡረተኛው መምህር፦ አምስት ገጽ ማን አለህ ልጄ፣ ግማሽ ገጽ ነው። ግማሽ ገጽ ማረምም ያደክማል፣ አልዋሽህም፣ ቅዳሜዬን ሁሉ በልቶታል።

ዘይቱ፦ ግማሽ ገጽማ ቻትጂፒቲ በሶስት ሰከንድ ይጽፈዋል፣ አለቀ

ቀለሜዋ፦ ይጻፈዋ። «ሆር ለምን ወረደ» ተብለህ ክፍል ውስጥ ስትቆም እሱም አብሮህ ይቆማል?

ዘይቱ፦ እሱን ተይው፣ ቲዎሪው ራሱ የነጭ አይደል፣ የኛን ነገር በነሱ መነጽር ምን አስፈለገ። አባይን እዩ፣ ግብፅ ከእንግሊዝ ጋር የ1929ኙን፣ ከሱዳን ጋር የ1959ኙን (እ.ኤ.አ.) የውሃ ውል ስትፈራረም እኛን ማን ጠየቀን?

ቀለሜዋ፦ ያው ሪያሊስት ሆነህ አረፍክ እኮ፣ አልታወቀህም እንጂ

አድሚን፦ አባይ የራሱ ቀን አለው፣ ዛሬ ከገባንበት አንወጣም። ታቦር ስር አቋምህ አለ?

ታቦር ስር፦ ይቆይ አልልም። ምርጫ ጥያቄው ይውጣ ካላችሁ ግን አሁኑኑ እፈርማለሁ። መምህር ስለ ሆርና ላቫል የሚነበብ ካለዎት በውስጥ ይላኩልኝ፣ 40 ገጽ ካለፈ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ 12 ገጽ ነው። ስትጨርስ ግማሽ ገጽ ጽፈህ ትልክልኛለህ።

አድሚን፦ እሺ ፖል ከፍቻለሁ፦ ሀ. ይቅር ለ. ይቆይ ሐ. አላውቅም

የአቶቴ ባጃጅ፦ ይሄም ምርጫ ሆነ እንዴ ሃሃሃሃ