ሽንት ቤቱ ውሃ ይለቃል፣ ግን አያወርድም

ሰላም ወገኖች፣ የቧንቧ ሥራ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። የሽንት ቤቱን ቁልፍ ስጫን ውሃው ይወርዳል፣ ግን ጉልበት የለውም። መቀመጫው ውስጥ ዞር ዞር ይልና ቆሻሻውን ሳይወስድ ይቀራል።

መስመሩ የተደፈነ አይመስለኝም። ውሃ በባልዲ ባንዴ ስደፋበት ጥርግ አድርጎ ይወስደዋል። የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቼ ሳየው ውሃው ከምልክቱ በታች ይቆማል። የመዝጊያው ላስቲክም ውሃው ሳያልቅ ቶሎ ክድን ይላል። ከመቀመጫው ጠርዝ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች ደግሞ ነጭ ነገር ደፍኗቸዋል።

የጠራነው ባለሙያ ገና ሳይነካካው "ሙሉ ዕቃው ይቀየር" አለን። ዋጋው ከባድ ነው። ደግሞስ በባልዲ ደህና የሚሠራ ነገር ለምን ይጣላል? ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ስለሆነ ሁልጊዜ በባልዲ መድፋት አያዛልቅም። እናቴም ጉልበቷን ስለሚያማት ባልዲ ማንሳት አትችልም። ሥራ ስውል ሐሳቤ እሷ ጋ ነው።

ማጠራቀሚያው ሲሞላ ውሃውን የሚያቆመውን ተንሳፋፊ ከፍ ባደርገው ይበቃል? ላስቲኩ ለብቻው ይሸጣል ወይስ ከነሙሉ ዕቃው ነው የሚገዛው? ነጩንስ ነገር አቼቶ ባሳድርበት ይለቃል? ከየትኛው ልጀምር?