እማዬ አስም አለባት፣ ያለ ማስተኛ ኢንዶስኮፒ ስትሰራ ኦክስጅኗ ይወርድ ይሆን?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ያለነው ሀዋሳ ነው። እማዬ 63 ዓመቷ ነው፣ ጨጓራዋን ከድሮም ያማት ነበር አሁን ግን ክብደቷ እየቀነሰ መጣ፣ ምግብ ስትውጥም ደረቴ ላይ ይይዘኛል ትላለች፣ ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብተው) ይታይ ብሎ ቀጠሮ ሰጠን። እና አስም አለባት፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንጨት ጭስ ላይ ነው ያበሰለችው፣ ብርድ ሲሆን ትታፈናለች። ሐኪሙ ደሞ ማስተኛ አንሰጣትም ጉሮሮዋን በስፕሬይ አደንዝዘን ነው የምናያት አለን። ቱቦው ጉሮሮዋ ውስጥ እያለ አየር ቢያጥራትስ? አስተኝተው ቢሰሯት አይሻልም ነበር? እሷም "ቱቦ ከምውጥ ይቅርብኝ" ብላ እምቢ እያለች ነው ምን ብዬ ላሳምናት። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ከሞቢል፦
እህቴ እኔ ብሆን ይቅርባት ነበር የምለው፣ አስም ላለበት ሰው መተንፈሻውን በቱቦ መዝጋት ከባድ ነው። ኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያው) እኮ በሰገራም ይታያል፣ እሱን አሰርተሽ መድኃኒቱን ብትወስድ አይሻልም?

የኢንዶስኮፒ ነርስ፦
ወንድሜ ለእናቷ አስበህ እንደሆነ ይገባኛል ግን ይሄን አንብበው ቢቀሩ ያሳዝናል። ቱቦው በአየር መንገድ አይደለም የሚገባው፣ በምግብ መውረጃው ነው። የሰገራ ምርመራው ባክቴሪያው አለ ወይ የለም ነው የሚለው፣ ምግብ ለምን እንደሚይዛቸው አይነግርም። በ60ዎቹ ውስጥ ላለ ሰው ክብደት መቀነስና ሲውጡ መያዝ ተደምሮ በካሜራ መታየት አለበት፣ ቁስለት ይሁን ጥበት ይሁን ዕጢ ይሁን ቶሎ ካልታየ ጊዜው ያልፋል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ እህቴ፣ ኢንዶስኮፒ ላይ ኦክስጅን በብዛት የሚወርደው በማስተኛው ምክንያት ነው። ሚዳዞላም፣ ፕሮፖፎል፣ ፔቲዲን የመሳሰሉት አተነፋፈስን ያዘገያሉ፣ የተኛ ሰው ምላሱም ወደ ኋላ ይወድቃል። የነቃ ሰው ግን ራሱ ይተነፍሳል፣ ራሱ ያስላል፣ ስለዚ ሳንባቸው ደከም ላለ ሰው ያለ ማስተኛ መሰራቱ በዚህ በኩል ጥቅሙ ይበዛል፣ ሐኪሙም ይሄን አስቦ ይመስለኛል። ምንም አይወርድም ማለቴ ግን አይደለም። ቱቦው ወደ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት አለው፣ ሲያልፍ ከፊቱ ያለውን የአየር ቧንቧ ትንሽ ሊጫነው ይችላል፣ ሰውየውም ማቅለሽለሽ ሲመጣበት ደንግጦ ትንፋሹን ይይዛል፣ ያኔ የኦክስጅን ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ይልና ቀስ ብለው በአፍንጫቸው ሲተነፍሱ ይመለሳል። እኛ የምንፈራው ከ90 በመቶ ወርዶ አልመለስ ሲል ነው፣ ያኔ ኦክስጅን ይሰጣል ካልሆነም ቱቦው ይወጣል። ሌላው የሚያሰጋው ምራቅ ወይ ትውከት ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው፣ ባዶ ሆድ የምንለው ለዚህ ነው፣ እንዲያውም ምግብ የሚይዛቸው ከሆነ የምግብ መውረጃቸው ውስጥ የቆየ ምግብ ሊኖር ስለሚችል ስንት ሰዓት መጾም እንዳለባቸው ቀድመሽ ጠይቂ። በግራ ጎን አስተኝተን ምራቁን አይዋጡት በአፍዎ ጎን ይፍሰስ እንላለን፣ ይሄን ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ብዙ እናቶች ምራቃቸው ልብስ ላይ ሲፈስ አፍረው ሊውጡት ይሞክራሉና ትን ይላቸዋል።

አስሙን በግልጽ ንገሪ፣ ፓፉን (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠዋት ይውሰዱ ወይ ብለሽም ሐኪሙን ጠይቂ። ያን ሰሞን ደረታቸው ሲር ሲር ካለ ወይ ጉንፋን ከያዛቸው ቀጠሮው ይለወጥ።

አንድ አባት፦
እኔም በስፕሬይ ነው የተሰራሁት፣ ደስ አይልም ግን ቶሎ ያልቃል፣ ደቂቃዎች ናቸው። እህቴ አንድ ነገር በደንብ ተከታተይ፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ መሰካቱን ከመጀመራቸው በፊት ጠይቂ። እኔን የሰሩኝ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለኔ አልተሰካም ነበር፣ ያለ ማስተኛ ስለሆነ አያስፈልግም አሉኝ። ለአስም በሽተኛ እንዲህ መደረጉ ልክ አይደለም፣ አይፈሩ ጠይቁ መብታችሁ ነው።

የኢንዶስኮፒ ነርስ፦
አባቴ ትክክል ነዎት፣ ያለ ማስተኛም ቢሆን መሰካት አለበት፣ ኦክስጅንና ምራቅ መምጠጫውም አጠገብ መሆን አለበት። እህቴ የእናትሽ ጥፍር ላይ ሂና ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ካለ ቀድመሽ አስለቅቂ ማሽኑን ያሳስተዋል፣ ሂናው ካልለቀቀ በጆሮም ይለካል። እጃቸው ቀዝቅዞም ከሆነ ቁጥሩ ይዘባረቃል፣ አሙቂላቸው።

የታቦር ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ በጣም ነው የቀለለኝ። ጤና ጣቢያ ኦክስጅኗን ሲለኳት 94 ነበር ያላት፣ ያ ዝቅተኛ ነው እንዴ? እና ከጨረሰች በኋላ ወዲያው ቡና ትጠጣ ይሆን ያለ ቡና አትውልም

የኢንዶስኮፒ ነርስ፦
ሀዋሳ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ ከፍታው ራሱ ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፣ ለሳቸው ዕድሜና ለአስማቸው 94 ብዙ የሚያስደነግጥ አይደለም። ግን ሲጀመር ስንት እንደነበረ መታወቅ አለበት፣ ከ94 ተነስቶ መውረድና ከ98 ተነስቶ መውረድ አንድ አይደለም፣ ስለዚ ቁጥሩን ለሚሰሯቸው ንገሪ። ቡናው ይቆይ፣ ስፕሬዩ ጉሮሯቸውን አደንዝዞት ስለሚቆይ አንድ ሰዓት ገደማ ምንም አይቅመሱ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ፉት ይበሉና ሳያስላቸው ከወረደ ያኔ ይጠጡ፣ በጣም ትኩስ ግን አይሁን። ቤት ከገቡ በኋላ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ትኩሳት ከመጣ ወይ ሰገራቸው ከጠቆረ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

የታቦር ልጅ፦
እሺ። አሁን አነበብኩላት፣ "እንግዲያ መለኪያውን ካሰሩልኝ እሄዳለሁ" አለች።