ጆሹዋ ጥሬውን ነው እንዴ ፕሮፌሽናል የገባው?

የካዛንቺስ ልጅ፦
ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ አንዱ ተንታኝ «እንግሊዛዊው የከባድ ሚዛን ቡጢኛ አንቶኒ ጆሹዋ ጥሬውን ነው ፕሮፌሽናል የገባው፤ የ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ወርቁም የአገሩ ዳኞች ስጦታ ነው» ብሎ ወደ ኳስ ዜና አለፈ። ማስረጃ የለ፣ ምን የለ! አብሮት ያለውም «ልክ ነህ» አለው። የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው፣ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ጥሬ ከሆነ የበሰለው ማን ነው?

ግራኙ፦
ተንታኙ ምን ተሳሳተ? ልጁ ጓንት ያጠለቀው በፈረንጆቹ 2007፣ በ18 ዓመቱ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላው ኦሎምፒክ ገባ። የአማተር ግጥሚያው ተደምሮ 43 ነው፤ 40 አሸነፈ፣ 3 ተሸነፈ። በኋላ ያሸነፈው ዩክሬናዊው ኡሲክ 335 አሸንፎ 15 ተሸንፏል። 43 እና 350! ወርቁንም ቢሆን ዳኞቹ ናቸው ያነሱለት። አምስት ዳኞች ይቀመጣሉ፤ ሦስቱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ቁልፍ ካልተጫኑ ነጥብ የለም። ያን ቀን የለንደን ጩኸት ነው ጣታቸውን ያዘዘው።

ዙር ሦስት፦
ግራኙ፣ ያልከው የቤጂንግ አሠራር ነው። ያኔ አራት ዙር በሁለት ሁለት ደቂቃ ነበር፣ ነጥቡም በሰዓቱ ይታይ ነበር። ለንደን ላይ ሦስት ዙር በሦስት ደቂቃ ሆኗል። እያንዳንዱ ዳኛ ለብቻው ይቆጥራል፣ የሚቀራረቡት የሦስቱ አማካይ ይወሰዳል፣ ውጤቱ የሚነገረው ዙሩ ሲያልቅ ነው። የአንድ ሴኮንዱ ነገር ቀርቶ ነበር።
ፍጻሜውን ደግሞ እንይ። ጣሊያናዊው ካማሬሌ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 5 መራ። ከሁለተኛው በኋላ 13 ለ 10። ሦስተኛውን ጆሹዋ 8 ለ 5 ወሰደና 18 ለ 18 ሆነ። እኩል ስለሆነ ከአማካዩ በፊት ወደነበረው የዳኞቹ ዝርዝር ነጥብ ተሄደ፣ 56 ለ 53 ለጆሹዋ። ጣሊያኖች አቤት አሉ፣ ውድቅ ሆነ። ስጦታ የሚሰጥ ዳኛ ሁለት ዙር ሙሉ ሌላውን ያስመራል እንዴ?

ግራኙ፦
በመጨረሻው ዙር ነው እኮ የሚሰጠው! ካማሬሌ የቤጂንግ ወርቅ፣ የአቴንስ ነሐስ፣ ሁለት የዓለም ዋንጫ ያለው ሰው ነው። በሦስት ነጥብ እየመራ ዝም ብሎ 8 ለ 5 ይበለጣል?

የካዛንቺስ ልጅ፦
32 ዓመቱ ነበር፣ ሦስተኛው ዙር ላይ እግሩ ቆመ። እየመራ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሌላው እየገፋ መታ። በዚያ ላይ ከአንድ ዓመት በፊት ባኩ ላይ፣ በ2011 የዓለም ሻምፒዮና፣ ይኸው ካማሬሌ በይኸው ጆሹዋ 15 ለ 13 ተሸንፏል። ባኩም የጆሹዋ አገር ናት?

ግራኙ፦
ባኩ ላይ በፍጻሜው የአዘርባጃኑ ማጂዶቭ 22 ለ 21 መታው። በአንድ ነጥብ፣ በገዛ አገሩ። የአገር ሜዳ ነጥብ እንደሚሰጥ የገዛ ምስክርህ ተናገረልኝ፣ እግዜር ይስጥህ 😂

ዙር ሦስት፦
ለንደን ላይ ተዘረፈ የምትሉት ካለ ሳቮን ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ፣ 17 ለ 16። እሱ ላይ አልከራከርም፣ ኩባዊው ብዙ ንጹሕ ምት አግብቶ ነበር። ስለ ካማሬሌ ግን ማልቀስ ይብቃ።

የካዛንቺስ ልጅ፦
አንተ ደግሞ ከማን ወገን ነህ?

ጋሽ ቀኝ፦
ልጆች፣ ወርቁን ተዉት። ሰውየው ያለው ዋና ነገር «ጥሬውን» የሚለው ነው። ጥሬ ማለት ምን ማለት ነው? በግጥሚያ ብዛት ከሆነ ጆርጅ ፎርማን በ1968 ሜክሲኮ ላይ ወርቅ ሲወስድ 30 ግጥሚያ እንኳ አልሞላውም። በ1973 ኪንግስተን ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጣለው። ያ ጥሬ ነው?

ግራኙ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ነው፤ የፎርማን ጥሬነት በዓመቱ ኪንሻሳ ላይ አልታየም? አሊ ገመድ ላይ ተደግፎ ሲያስደበድብ ሰባት ዙር ሙሉ ያለ ቁጥብነት ወርውሮ፣ ስምንተኛው ላይ ተዘረረ።

ጋሽ ቀኝ፦
አሊ ያሸነፈው ሁሉ ጥሬ ከተባለማ ዓለም በሙሉ ጥሬ ነበር በለኛ። ፎርማን ፍሬዘርን ከመግጠሙ በፊት ከአርጀንቲናዊው ፔራልታ ጋር 10 ዙር ሄዷል። ቡጢ የሚማሩት አማተር ላይ ብቻ አይደለም ነው የምልህ።

ሽንጥና ዳቢት፦
ቅዳሜ ከሰዓት ሥጋ ቤት ተሰልፎ ጥሬ የሚቆርጥ ሕዝብ «ጥሬ» ብሎ ይሳደባል። ለብለብ በሉትና ታረቁ።

ዙር ሦስት፦
ጋሽ ቀኝ ያነሡት ነጥብ ላይ ነው ችግሩ ያለው። ጆሹዋ በጥቅምት 2013 ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 14 ግጥሚያዎች አንዱም ከሦስት ዙር አላለፈም። ከሦስት ዙር በላይ የሄደው በ15ኛው፣ ከዋይት ጋር ነው፤ ሰባተኛው ዙር ላይ በዝረራ ጨረሰው። እስከ መጨረሻው ደወል የተሰማበት የመጀመሪያ ግጥሚያው 21ኛው፣ ፓርከር ነው። ያኔ ቀበቶው ከያዘ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ስለዚህ «ጥሬ» ካላችሁ ጥፋቱ የአማተሩ ሳይሆን የፕሮፌሽናሉ አያያዝ ነው። ደካማ ሰው እያመጡለት ምን ይማር?

ግራኙ፦
ተስማማን እኮ! ጥሬ ነው አልኩ፣ አንተም ጥሬ ነው አልክ። ድስቱ የማን እንደሆነ ነው የቀረን።

የካዛንቺስ ልጅ፦
የረጅም ጊዜ ሻምፒዮኑን ክሊችኮን በ2017 ዌምብሌይ፣ 90,000 ሰው ፊት፣ አምስተኛው ላይ ጥሎ፣ ስድስተኛው ላይ ወድቆ፣ ተነሥቶ 11ኛው ላይ የጨረሰ ሰው ነው ጥሬ?

ግራኙ፦
41 ዓመቱ የነበረው ክሊችኮ።
አሁን ቁም ነገሩን ልንገርህ። ሦስት ግጥሚያ ውሰድ። በ2011 አንካራ፣ የአውሮፓ ሻምፒዮና፣ ሮማኒያዊው ኒስቶር እላዩ ላይ ተጭኖ ሦስተኛው ዙር ላይ ዳኛ አስቆመ። በ2019 ኒው ዮርክ፣ ሩይዝ። በ2024 ዌምብሌይ፣ ዱቧ። የሩይዝን ሦስተኛ ዙር ቀስ አድርገህ እየው። ጆሹዋ ነው ቀድሞ የጣለው፣ በግራ ሁክ (ከጎን በሚመጣ ምት)። ሩይዝ ሲነሣ ጆሹዋ ለመጨረስ ሮጠ፤ እግሩ ጎን ለጎን፣ አገጩ ከፍ ብሎ፣ ሁለት እጁ እየወረወረ። ሩይዝ አጭር ግራ ሁክ ከጆሮው በላይ አሳረፈበት። ከዚያ ወዲያ የጆሹዋ እግር አልተመለሰም። ሦስተኛው ላይ ሁለት ጊዜ፣ ሰባተኛው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀ።
ዱቧ ላይ ደግሞ አምስተኛው ዙር። ጆሹዋ በቀኝ አናጋው። ሰውየው ወደ ኋላ ሲል ከሩቅ ቀኝ አፐርከት (ከታች ወደ ላይ የሚወረወር ምት) ይዞ ገባ። አፐርከት ከሩቅ ስትወረውር እጅህ ከአገጭህ ይወርዳል፣ ክርንህ ከጎንህ ይለቃል፣ መንገዱም ከቀጥታ ምት ይረዝማል። ዱቧ አጭር ቀኝ ሰጠው፣ አለቀ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ስህተት! ይህ ነው ጥሬነት ማለት።

የካዛንቺስ ልጅ፦
ክሊችኮን 11ኛው ላይ ያናወጠውስ ያው ቀኝ አፐርከት አይደለም? ሲሳካ ጀግና፣ ሳይሳካ ጥሬ።

ግራኙ፦
ያኛው ከቅርብ ነው፣ ክሊችኮም ቀድሞ ተናግቶ ነበር።

የካዛንቺስ ልጅ፦
ዱቧም ተናግቶ ነበር ብለሃል። ከላይ ሄደህ አንብበው፣ «በቀኝ አናጋው» ያልከው አንተ ነህ።

ግራኙ፦
ርቀቱን ነው ያልኩት ወንድሜ፣ ርቀቱን!

ሽንጥና ዳቢት፦
ዱቧ ራሱ ኦሎምፒክ አልሄደም። ያለ ኦሎምፒክ ነው ፕሮፌሽናል የገባው። እንግዲህ ጥሬ ጥሬን ዘረረ በሉ።

ዙር ሦስት፦
ሌላ የረሳችሁት አለ። ሩይዝን በድጋሚ ሳዑዲ፣ ዲሪያ ላይ ሲገጥም 112 ኪሎ ገደማ የነበረውን ወደ 108 ገደማ አውርዶ መጣ። ሩይዝ 128 ሆኖ። 12 ዙር ጃብ (የፊት እጅ ቀጥታ ምት)፣ አንድ ሁለት፣ መውጣት፤ ሩይዝ ሲጠጋ ክሊንች (አቅፎ መያዝ)። ሁለቱ ዳኞች 118 ለ 110፣ ሦስተኛው 119 ለ 109። ለመጨረስ አልሮጠም፣ አልቸኮለም። ጥሬ ሰው እንዲህ ይጫወታል?

ግራኙ፦
128 ኪሎ ሆኖ ከመጣ ሰው ጋር እኔ ብሆንም እሸሻለሁ። ሰውየው ሦስት ወር በልቶ ነው የመጣው።

ጋሽ ቀኝ፦
አሁን ደግሞ ሩይዝን ማዋረድ ጀመራችሁ። በመጀመሪያውም ቢሆን ወደ 122 ኪሎ ነበር፣ እጁ ግን ከሁሉም ፈጣን ነው። ሆድ አይታችሁ ቡጢ አትመዝኑ።

የካዛንቺስ ልጅ፦
እንደኔ ችግሩ አሠልጣኝ ነው። ማክራከን የእንግሊዝ አማተር ቡድንም አለቃ፣ የጆሹዋም አሠልጣኝ ነበር። በኡሲክ ከተሸነፈ በኋላ ጋርሲያ፣ ከዚያ ዴሪክ ጄምስ፣ ከዚያ ቤን ዴቪሰን። በየዓመቱ አዲስ ሰው አዲስ አቋቋም ሲያስተምረው የትኛው ይዋሃደው?

ግራኙ፦
በአማተር የተዋሃደህ ነገር ካለ አሠልጣኝ ቢለዋወጥም አይለቅህም። ኡሲክ በ2021 ቶተንሃም ሜዳ ላይ ሲያሸንፈው ያደረገው ምን ነበር? ግራኝ ነው፤ የፊት እግሩን ከጆሹዋ የፊት እግር ውጪ ይተክላል፣ ጃቡን ይጫወትበታል፣ ግራውን በመሀል ይልካል። ይህን በ350 ግጥሚያ ነው የተማረው።

ዙር ሦስት፦
ለኡሲክ 115 ለ 113 ብቻ የሰጠ ዳኛ ነበር እኮ ያን ቀን። ጥሬ ከኡሲክ ጋር ሁለት ዙር ብቻ አይራራቅም።

ግራኙ፦
ሌላኛው 117 ለ 112 ሰጥቷል። እሱን ለምን ዘለልከው?

የካዛንቺስ ልጅ፦
አንተስ ጅዳ ላይ ኡሲክን በድጋሚ ሲገጥም አንዱ ዳኛ ለጆሹዋ 115 ለ 113 መስጠቱን ለምን ዘለልከው?

ሽንጥና ዳቢት፦
ክትፎዬ መጣ። ለብለብ።