የዓይን ብሌን፦ ቀዳዳ እንዴት ይለገሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም የቃል ወዳጆች። ሁለት ነገር ግራ ገብቶኛል። እንግሊዝኛው «ፒዩፕል» ተማሪም የዓይን ብሌንም የሚሆነው በምን ዝምድና ነው? ደግሞ በዜና «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል እሰማለሁ፤ የአናቶሚ ትምህርታችን ግን ብሌን ቀዳዳ ነው ይላል። ቀዳዳ እንዴት ይለገሳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ግን በተራ እንሂድ።

የሰው ዓይን ውስጥ ቀረብ ብለሽ ብታዪ፣ ጥቁሩ ነጥብ ላይ ራስሽን አንሰሽ ታገኛለሽ። ነገሩ የተነሳው ከዚያች ትንሽ ሰው ነው። ግሪኮች «ኮሬ» አሏት፣ ልጃገረድ። ላቲኖች «ፑፒላ»፣ ትንሽ ልጅ ወይም አሻንጉሊት። ስፓኞች ዛሬም «የዓይን ልጅት» ይላሉ፤ ዐረቦች ደግሞ «ኢንሳን አል ዐይን»፣ የዓይን ሰው። ተማሪው የገባው በሌላ በር ነው። በሮም ሕግ አባቱ ሞቶ በሞግዚት እጅ ያለ ልጅ «ፑፒሉስ» ይባል ነበር፤ ቃሉ እየሰፋ ሄዶ በመምህር እጅ ላለውም ተረፈ። አባጨጓሬ ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ተጠቅልሎ የሚቆይበትን ደረጃ የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ «ፑፓ» ያለውም ከዚሁ ቤት ወስዶ ነው። የተጠቀለለ ሕፃን መስሎት ይሆናል።

እኔን የሚደንቀኝ ግን የራሳችን ግዕዝ ነው። ዳዊት 16ኛው መዝሙር ላይ «ከመ ብንተ ዓይን» ይላል፤ በአማርኛው «እንደ ዓይን ብሌን ጠብቀኝ» የተባለው ቦታ። በግዕዝ ሴት ልጅ «ወለት» ናት፣ «ብንት» አይደለችም። ዐረብኛው «ቢንት» ግን ሴት ልጅ ነው፤ ዕብራይስጡም እዚያው ጥቅስ ላይ «ባት ዓይን»፣ የዓይን ልጅ ይላል። እንግዲህ የቆሎ ተማሪው ዳዊት ሲደግም፣ ያቺን ትንሽ ልጅ ሳያውቃት በየቀኑ ይጠራት ነበር ማለት ነው።

ሌላ መልስ፦ ጋሼ፣ የልገሳውን ነገር ለእኔ ይተዉልኝ፤ የዓይን ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። የሚለገሰው ኮርኒያ ነው፤ ከፊት ያለው፣ እንደ ሰዓት መስታወት የተደፋው ጥርት ያለ ሽፋን። ብሌን በትክክል ከወሰድነው በባለ ቀለሙ ክብ መሐል ያለ ክፍት ቦታ ነው፤ ብርሃን ሲበዛ ይጠብባል፣ ሲጨልም ይሰፋል። ጥቁር የሚመስለው ከኋላው ያለው ጨለማ ስለሆነ ነው። ስለዚህ «የብሌን ልገሳ» በአናቶሚ ስሕተት፣ በአማርኛ ግን የተለመደ አባባል ነው። ታካሚ ፊት አላርመውም። ሐኪሞች ሲወያዩ ግን ሁለቱን መለየት ግድ ነው።

መልስ፦ ትክክል ነሽ። ያልገባኝ ለኮርኒያ ስም ማጣታችን ነው፤ ቃሉ እኮ ቀንድ ነው! ግሪኩ ቀንድ መሰል አለው፣ ላቲኑ ከ«ኮርኑ» ኮርኒያ አለ፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የግሪክን ሕክምና ወደ ዐረብኛ የመለሰው ሁነይን ኢብን ኢስሐቅም «ቀርኒያ» ብሎታል። «ቀርን» የግዕዝም ቀንድ ነው። ዋንጫ የሚሠራ ሰው ቀንድ እየተፋቀ ሲሳሳ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ያውቃል፤ ጥንቶቹም ያዩት ያንን ነው። ረቲናም፣ በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ከላቲኑ «ሬቴ»፣ መረብ ነው። «የዓይን መረብ» ብንል ማን ይቆጣናል?

ሌላ መልስ፦ መረቡን እቀበላለሁ፣ «የዓይን ቀንድ» ግን ታካሚ ያስደነግጣል፤ ይቅርብን። በእኛ ቤት አንደኛ የምለው ቃል «የዓይን ሞራ» ነው። ፈረንጁ ካታራክት የሚለው ፏፏቴ ነው፤ ጥንት ከአንጎል ፈሳሽ ወደ ዓይን እየወረደ የሚጋርድ መስሏቸው ነበር። የታመመው ራሱ የዓይን ሌንስ መሆኑን ፈረንሳዊው ሐኪም ብሪሶ በ1705 እ.ኤ.አ. አሳየ። ስሙ ግን ፏፏቴ እንደሆነ ቀረ። የእኛ ሰው ደግሞ በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃው ላይ ተዘርግቶ ያየውን ነጭ ስብ ወስዶ ለዓይኑ ሰጠው። ሽማግሌው «ሞራ ጋረደኝ» ሲሉ ሕመሙን በደንብ ገልጸውታል፤ ነጭ ነው፣ ይጋርዳል፣ ይገፈፋል።

መልስ፦ ግርዶሹም ከዚያው «ጋረደ» ነው፤ ፀሐይ ስትጋረድ የምንለው። ሞራ ገላጩ ግን ሞራውን የሚገፍፍ ሳይሆን አንብቦ የሚተነብይ ነበር፤ አደራ፣ ሐኪሙን በዚህ ስም እንዳትጠሩት።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የእህቴ ልጅ ስሟ ብሌን ነው። ግሪኮች ብሌኗን ልጅ ካሏት፣ እኛ ልጅቷን ብሌን ብለን መልሰናታል ማለት ነው! አንድ ብቻ ልጨምር፤ አያቴ የዓይን ማዝ የሚሉት ትራኮማን ነው?

ሌላ መልስ፦ አዎ። ትራኮማ በግሪክ ሻካራነት ነው፤ የዓይን ቆብ ከውስጥ ስለሚሻክር። አንገት ውስጥ ያለው የአየር ቧንቧ ትራኪያም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ ቀለበት ቀለበቱን በጣትሽ ዳስሺው፣ ለምን ሻካራ እንዳሉት ይገባሻል።