ደንበኛ ገብቶ ዝም ብሎ ይወጣል፤ ሻጮቼን ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ የሴቶች ልብስ ቤት አለኝ። ሁለት ሻጮች አሉኝ። እጃቸው ንጹሕ ነው፣ ሰዓትም ያከብራሉ። ግን ደንበኛ ሲገባ አንዷ ከስልኳ ቀና አትልም። ሌላዋ ደግሞ እግር በእግር እየተከተለች «ይሄን ላውርድልሽ? ይሄንንስ?» ትላለች። ሰው ሁለት ልብስ ነካ ነካ አድርጎ ላጥ ይላል። ዋጋዬ ከጎረቤት አይበልጥም። ፈገግታ በትእዛዝ ይመጣል እንዴ?

መልስ፣ ከገዢ፦
በገዢ በኩል ልንገርሽ። ከኋላዬ የሚከተለኝ ሻጭ ሌባ ነሽ ያለኝ ያህል ይሰማኛል። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እዪ» ብላ ፈቀቅ የምትል ልጅ ጋ ግን እቆያለሁ። አንዴ ቀሚስ ለክቼ መስታወት ፊት ስቆም «ትከሻው ላይ ይዞሻል፣ አንድ ቁጥር ከፍ እናድርገው» ያለችኝን ልጅ አልረሳትም። «አምሮብሻል» ማንም ይላል። እሷ ጋ እህቴንም ይዤ ሄጃለሁ።

መልስ፣ መናኸሪያ አካባቢ ካለ ጫማ ነጋዴ፦
እህቴ፣ በትእዛዝ አይመጣም። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ልጅ ከሰዓት ፊቷ ቢጠቁር አይፈረድባትም። በርጩማ አስገቢ፣ ምሳ በየተራ ይውጡ። ኮሚሽን በየግላቸው የምትከፍያቸው ከሆነ መከተሉ ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ ገዢ ይሻማሉ። እኔ የጋራ ሳደርገው ሽሚያው ቀረ። ስልኩን በተመለከተ ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ፤ ሰው ሲገባ ኪስ ይግባ በያት። ዋጋም ለጥፊ። ዋጋ መጠየቅ የሚያፍር ሰው ብዙ ነው።

መልስ፣ ሕግ ከተማረ አባል፦
ዋጋ መለጠፍ የውዴታ ጉዳይ አይደለም። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን እንዲያሳይ ያዛል። በዚያው አዋጅ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው። ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረም ግዛ ተብሎ አይገደድም። «ካልገዛሽ ለምን ታደክሚኛለሽ?» የሚል ሻጭ ስንት አለ! ለልጆቹ አንብቢላቸው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኮሚሽኑን በየግል ነው የምከፍለው፤ እውነትም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ ወር ጀምሮ የጋራ ይሆናል። ስልክ የምትነካካዋን ለብቻዋ ላናግራት ወይስ ሁለቱንም አንድ ላይ?

ጫማ ነጋዴው፦
ለብቻዋ፣ ጠዋት ሱቅ ሳይከፈት። ደንበኛ ፊት በፍጹም። የቤት ችግርም ሊኖርባት ይችላል፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቂያት።