ለ1965 ቮልስ የፍሬቻ አምፖል ምረጡልኝ

ሰላም ወገኖች። የአባቴ ቮልስ እ.ኤ.አ. የ1965 ስሪት ናት፤ ባትሪዋ 6 ቮልት ነው። የፊት ፍሬቻዋ አምፖል ተቃጠለ። አሮጌው ላይ «6 ቮልት፣ 21 ዋት» ይላል። ሶማሌ ተራ የሚያቀርቡልኝ ግን ባለ 12 ቮልት ብቻ ነው። እሱ በ6 ቮልት ጭል ጭል ከማለት አያልፍም፤ ፀሐይ ላይ ማን ያየዋል? ብርቱካናማውን ስሞክረው ደግሞ በጎንና በጎኑ ያሉት ጉጦች ፊት ለፊት ስላልሆኑ ሶኬቱ አልተቀበለውም። ሽፋኑ ራሱ ብርቱካናማ ስለሆነ ነጩ ይበቃኛል።

አንድ መካኒክ «ኤልኢዲ አድርግበት» አለኝ። ኤልኢዲ የሚስበው ኃይል ትንሽ ስለሆነ አሮጌው ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ) በትክክል እንዳያበራው ሰጋሁ። መኪናዋን ወደ 12 ቮልት መቀየር አልፈልግም፤ እንደነበረች ትቆይልኝ። ባለ 6 ቮልት ኤልኢዲ ከነፍላሸሩ የገጠመ አለ? ወይስ ኦሪጅናሉን የት ላግኝ? እባካችሁ ጠቁሙኝ።