ክርክር፦ ለታራሚ ታዳጊዎች የፈጠራ ድርሰት ማስተማር ቅንጦት ነው?

የሙያ አሠልጣኝ፦ አዎ፣ ቅንጦት ነው። የመጣለትን ደብዳቤ አንብቦ ለመረዳት የሚቸገረውን ልጅ ግጥም ጻፍ ማለት ምን ይባላል? መጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ የሚያበላ ሙያ።

የድርሰት መምህር፦ ወንድሜ፣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦብዎታል። አንድ ልጅ «መጻፍ አልችልም» ብሎ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ንገረኝና ልጻፍልህ አልኩት። ስለ አያቱ ቤት በር ነገረኝ። የጻፍኩትን ሳነብለት፣ «ተሳስተዋል፤ በሩ ሲጥ ነው የሚለው እንጂ አይንኳኳም» ብሎ እርሳሱን ቀማኝ። ፊደል መለየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦ ሁሉም ስለ በር አይጽፍም። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት፣ የኮሌጅ ተማሪዎች በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት ስለ ክፉ ገጠመኛቸው ጻፉ። በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ መመላለሳቸው ቀነሰ። ጽፈው እንደ ጨረሱ ግን ስሜታቸው ተረብሾ ነበር፤ ይህን ማንም አያነሳውም። እነዚያ ወጣቶች ከክፍሉ ወጥተው ወደፈለጉበት መሄድ ይችሉ ነበር። የእኛ ልጅ ጽፎ ሲጨርስ በር ይቆለፍበታል።

የድርሰት መምህር፦ ለዚህ ነው «ሕይወትህን ጻፍ» የማልለው። «እኔ» ሳይሆን «እሱ» ብሎ ይጀምራል።

ጠበቃ፦ «እሱ» ማለት ዐቃቤ ሕግን አያግደውም። ክሱ ያላለቀ ልጅ ደብተሩ በፍተሻ ቢወሰድስ? ማን እንደሚያነበው አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን። የልጆቹን ስምና ፎቶ ይዞ የሚታተም የጽሑፋቸው መድብል ደግሞ ይቅር። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 40 የተከሰሰ ልጅ የግል ሕይወቱ እንዲከበርለት ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት ነፃነታቸውን ላጡ ታዳጊዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ያጸደቀው ደንብም፣ የትምህርት ማስረጃው እንኳ ልጁ በማረሚያ እንደ ነበር እንዳያሳይ ይከለክላል።

የድርሰት መምህር፦ ስሙ እንዲወጣ ራሱ ቢፈልግስ? እስከ ዛሬ በክስ ወረቀት ላይ እንጂ የት ተጽፎ ያውቃል?

ጠበቃ፦ 16 ዓመቱ እኮ ነው! በብዕር ስም ይውጣ፤ ሲያድግ ከፈለገ ይግለጠው።

የቀድሞ ጥበቃ ሠራተኛ፦ ደብተር እፈትሽ ከነበሩት አንዱ ነበርኩ። ማንበቤን ያወቁ ዕለት ጽሑፉ ተለወጠ። በየገጹ «ተጸጽቻለሁ» ብቻ፤ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ ከላይ እስከ ታች።